ከማስተርሱ በፊት «ኦሮማይ»

ታናሽ እህቴ በጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመማር ስታስብ ምክር የጠየቀችው እኔን ነው። ከቤተሰቡ «ኮምፒውተር የሚያውቀው» እኔ ስለሆንኩ፣ ሚዲያው ወዴት እንደሚሄድም የማውቅ ይመስላቸዋል። ከክፍያው ግማሹም ከኔ ኪስ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ብዙም ሳላቅማማ «ተይው» አልኳት። «ተምረሽ እስክትጨርሺ የተማርሽበት ሶፍትዌር ያረጃል። በዚህ ብር ጥሩ ላፕቶፕ ግዢና ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ሥሪ።»

ትንሽ ዝም አለችና፣ «ወንድምዓለም፣ እኔ እኮ ኤዲቲንግ አልቸገረኝም» አለችኝ።

አልገባኝም ነበር። ለፋሲካ ደልጊ፣ እናት አባቴ ጋ ሄድኩ። ኔትወርክ የለም። አባቴ ሽፋኑ የተገነጠለ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነበረው፤ ጣናን እያየሁ እንደገና አነበብኩት። ሃይስኩል እያለሁ ያነበብኩት ለፊያሜታ ስል ነበር። አሁን ግን ዓይኔ ፀጋዬ ኃይለማርያም ሥራ ላይ አረፈ።

ፀጋዬ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ እንዲመራ አስመራ ይላካል። ሙያውን አሳምሮ ያውቃል፤ አሁን ቢኖር ቲክቶክን በሳምንት ይለምደው ነበር። የቸገረው ሌላ ነው። ቀን ለዘመቻው የሚናገረው ቋንቋና ማታ ከሰው ጋር ሲጫወት የሚሰማው ቋንቋ አይገጥሙለትም። መጨረሻ ላይ ናቅፋ ተራራ ላይ ወጣቶች ሲረግፉ ሲያይ ደግሞ ያሠለጠኑት ቃላት በሙሉ ያልቁበታል። ልቦለዱን ከስለላ ታሪክ በላይ የሚያደርገው ይሄ ይመስለኛል።

በዓሉ ራሱ የተማረ ሰው ነበር። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠርቷል፤ አዲስ ዘመንንና ኢትዮጵያን ሄራልድን በዋና አዘጋጅነት መርቷል፤ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን እስከመሆን ደርሷል። በጋዜጣ ሊል ያልቻለውን ግን በልቦለድ አለው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ። በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ይህን እያከበርኩ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሮማንና ፊያሜታ የፀጋዬን ልብ ማሳያ ከመሆን ብዙ አለማለፋቸውን ሌሎችም ብለውታል። እኔን የጎደለኝ ተመልካቹ ነው። ፀጋዬ አለቃ አለው፣ ጠላት አለው፣ ፍቅረኛ አለው። ፕሮግራሙን ቤቱ ተቀምጦ አይቶ «ልጄስ?» የሚል ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ ቦታ አላገኘም ማለት ይቻላል። እኛ ሶፍትዌር ሠርተን ስንለቅ ተጠቃሚው ይጮህብናል፤ ደስ ባይለንም ሥራውን የሚያስተካክለው ጩኸቱ ነው። ፀጋዬ ላይ የሚጮህበት የለም።

ይሄ የልቦለዱ ብቻ ጉድለት ቢሆን ጥሩ ነበር። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. እምቦጭን ከጣና ለማስወገድ የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። ውሃ ውስጥ ገብቶ አረም የሚጎትተውን ሰው በየስክሪኑ አይተናል። ዘመቻው ሲያልቅ የካሜራው ብዛትም ቀነሰ። የሐይቁ ዳር ገበሬና አሳ አስጋሪ ጥያቄ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፦ ተመልሶ መጣ ወይ? ተመልሶ ሄዶ መጠየቅን የሚያስተምር ሶፍትዌር የለም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ፌስቡክም የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ መሣሪያ ብቻ የተማረ ተማሪ ቢኖር ዛሬ ባዶ እጁን በቀረ ነበር። ምንጭ ማጣራት፣ ሕጉን ማወቅ፣ «ይህን ዜና የምሠራው ለማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን አላረጀም። አሁን ጽሑፉንም ድምፁንም ማሽን በሚሠራበት ሰዓት፣ ለሰው የቀረው ሥራ እንዲያውም ይሄ ነው። ከሁለተኛ ዲግሪ የምጠብቀውም ይህንኑ ነው፤ የካሜራ ሥልጠና በሦስት ወር ይገኛል።

ባሕር ዳር ስመለስ እህቴን ቡና ጋበዝኳትና «ታዲያ ምንድን ነው የቸገረሽ?» አልኳት። አንድ ዘገባ ላይ የአንዲት እናትን ንግግር ቁረጪ ተብላ ቆርጣለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ስፌቱ እንዳይታወቅ አድርጋ፣ በጥሩ ሁኔታ።

«መቁረጡን እችልበታለሁ» አለችኝ። «መቆረጥ ነበረባት ወይ የሚለውን ነው የማላውቀው። አይገባም ብዬ ባምንስ፣ ምን ብዬ ነው የምከራከረው? ይሄን ከማን ልማር?»

መልስ አልነበረኝም። ማስተርሱም መልሱን እንደሚሰጣት እርግጠኛ አይደለሁም፤ ለበዓሉም ቢሆን ጥያቄውን አላቀለለለትም። ግን ጥያቄውን ከሌሎች ጋር ሆና፣ ሥራዋን ሳትፈራ ጮክ ብላ የምትጠይቅበት ክፍል ያስፈልጋታል። እስካሁን ከክፍል የተሻለ ቦታ አላየሁም።

የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከፍዬላታለሁ። «ኦሮማይ»ንም ሰጥቻታለሁ። አባቴ መጽሐፉ እንዲመለስለት ይፈልጋል።