የጭን ኋላ ጡንቻን ማሳሳብ፦ በዲግሪ የምንለካው ምንድን ነው?

ለወገብ ወይም ለጉልበት ሕመም ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የተላከ ሰው «የጭንዎን የኋላ ጡንቻ ያሳስቡ» የሚለውን ምክር ሳይሰማ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። በየትኛው ስልትና ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ በባለሙያው ልማድ ይወሰናል። ልማዱን በማስረጃ ለመደገፍ ሲፈለግ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ባንዲና አይሪዮን ናቸው።

እነዚህ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት 57 ሰዎችን በአራት ቡድን ከፈሉ። ሦስቱ ቡድኖች ለስድስት ሳምንታት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ጡንቻውን ለ15፣ ለ30 ወይም ለ60 ሰከንድ ስበው እንዲይዙ ተደረገ፤ አራተኛው ለማነጻጸሪያ ቀረ። 30 ሰከንድ ከ15 በለጠ፤ 60 ሰከንድ ግን በ30ው ላይ የጨመረው ጥቅም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 በ93 ሰዎች ላይ በተደረገው ተከታይ ጥናት በቀን አንድ ጊዜ ለ30 ሰከንድ መያዝ ሦስት ጊዜ ከመደጋገም አላነሰም። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ስቦ መያዝ እግርን በዝግታ በማንቀሳቀስ ከሚደረገው ማሳሳብ ጋር ሲወዳደር የመጀመሪያው 11 ዲግሪ ያህል፣ ሁለተኛው 4 ዲግሪ ያህል አስገኘ።

ጥያቄው ጠባብ፣ መልሱም ግልጽ ስለነበረ «30 ሰከንድ» የሚለው ቁጥር ወደ መማሪያ መጻሕፍት መግባቱ አያስደንቅም። የሚያስተቸው ቁጥሩ ከጥናቱ ወሰን አልፎ መሄዱ ነው። የ1994ቱ ተሳታፊዎች ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 37 ዓመት የነበረ ጤነኞች ናቸው። ፌላንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ 62 አረጋውያን ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲያነሡ 60 ሰከንድ ከ30 በልጦ ተገኘ። እንግዲህ ለሰባ ዓመት አዛውንት የወጣቱን መጠን ማዘዝ ማስረጃን መከተል አይደለም።

ጡንቻውን አስቀድሞ አኮማትሮ፣ ከዚያም አላልቶ የመሳብ ስልት ከ1940ዎቹ የካባት የሕክምና ሐሳብ የመነጨ ነው። ደጋፊዎቹ መኮማተሩ በነርቭ መልስ አማካይነት ጡንቻውን ያላላዋል ይላሉ። ማብራሪያው ያማረ ቢሆንም የጡንቻው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ሲመዘገብ የተጠበቀው ጸጥታ በአስተማማኝ ሁኔታ አልታየም። ስልቱ ዲግሪ ይጨምራል፤ ምክንያቱ ግን የተባለው አይመስልም።

ዋናው ችግር ከዚህ ይጠልቃል። ማግኑሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ተሳታፊዎች አንዱን እግር ብቻ ለሦስት ሳምንታት እንዲያሳስቡ አደረጉ። በዚያ እግር የመዘርጋት ማዕዘኑ ሰፋ፤ ነገር ግን በቀድሞው ማዕዘን ላይ ጡንቻው ለመሳብ የሚያሳየው ተቃውሞ አልቀነሰም። የተለወጠው ሰውየው የሚችለው የመሳብ መጠን ነበር። ዌፕለርና ማግኑሰን እ.ኤ.አ. በ2010 የቀደሙትን ጥናቶች መርምረው፣ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት በሚቆይ ማሳሳብ የሚገኘው ለውጥ በአብዛኛው የጡንቻ መርዘም ሳይሆን የስሜት መለወጥ ነው ሲሉ ተከራከሩ። በሌላ አነጋገር ጎኒዮሜትራችን የሚያነበው የታካሚውን «በቃኝ» ነው። ይህ ከንቱ ውጤት አይደለም፤ ሕመምን ሳይፈሩ መንቀሳቀስ ለታካሚው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም «ጡንቻዎ አጥሯል፤ እናስረዝመዋለን» ስንል የማናውቀውን እያወራን ነው።

ጉዳትን ስለ መከላከልም የሚሰጠው ተስፋ ከማስረጃው ይበልጣል። ፖፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 በ1,538 የአውስትራሊያ ምልምል ወታደሮች ላይ ባደረጉት ጥናት ከልምምድ በፊት ማሳሳብ የእግር ጉዳትን አልቀነሰም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በዴንማርክ 942 እግር ኳስ ተጫዋቾች በተሳተፉበት ጥናት፣ ተንበርክኮ ገላን ቀስ በቀስ ወደ ፊት በማውረድ ይህንኑ ጡንቻ ያጠነከሩት ቡድኖች 15 ጉዳት ሲያጋጥማቸው፣ ያላደረጉት 52 አጋጥሟቸዋል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የስልቶቹ ልዩነት የወረቀት ክርክሩን ያህል አይደለም። በወር አንድ ጊዜ ከሩቅ ለሚመጣ ታካሚ የሚበጀው ያለ ሰው እርዳታ በቤቱ ሊሠራው የሚችለው ስቦ መያዝ ነው፤ አኮማትሮ ማላላት በተለመደው አሠራሩ የሌላ ሰው እጅ ይፈልጋል።

ከስልት ምርጫ በፊት ግን የተሸበሸበው በእርግጥ ጡንቻው መሆኑ ይረጋገጥ። የወገብ ዲስኩ ተንሸራቶ የሳያቲክ ነርቭ ሥር የተጫነበት ሰውም እግሩን ቀጥ አድርጎ ማንሣት ይቸግረዋል፤ ይህንን ሰው በየቀኑ እንዲያሳስብ ማዘዝ የተቆጣ ነርቭን መጎተት ነው። ታካሚው ተቀምጦና ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሲዘረጋ የሚሰማው ሕመም አንገቱን ቀና ሲያደርግ የሚቀልለት ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ነርቭ ያዘነብላል፤ የጭን ኋላ ጡንቻ አንገት ድረስ አይደርስምና። ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይ ማጠፍም ይረዳል፤ ነገር ግን የባትን ጡንቻ አብሮ ስለሚስብ ብቻውን አያሳምንም። ለእንዲህ ያለው ታካሚ የእግሩ ጉልበት፣ የቆዳው ስሜትና የጅማት ምላሹ ሳይመረመር የማሳሳቢያ ወረቀት ሊሰጠው አይገባም።