ጥግግት ሲባዛ በስፋት፦ ይህ የጦጣ ሒሳብ የት ይሳሳታል?

የባሌ ጦጣን ታውቋታላችሁ? በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ብቻ የምትገኝ፣ የቀርከሃ ቅጠል ነፍሷ የሆነ ጦጣ ናት። «ስንት ቀርታለች?» ብላችሁ ስትጠይቁ አንዲት ቁጥር ብቻ የሚነግራችሁን ሰው ቶሎ አትመኑት።

የተለመደው አቆጣጠር እንዲህ ነው። አጥኚዎች ደኑ ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር ይዘው በዝግታ ይሄዳሉ፤ መንጋ ሲያዩ ከመስመሩ ያለውን ርቀት ይለካሉ። ከዚያ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስንት ጦጣ እንዳለ ይገመታል፤ ግምቱ በደኑ ስፋት ይባዛል፣ በቃ። ዘዴው መጥፎ አይደለም፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። መስመሩ ላይ ያለ እንስሳ ሳይታይ መቅረት የለበትም፤ ሰው አይቶ ሳይሸሽም መመዝገብ አለበት። ለአስተማማኝ ስሌት ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ጊዜ ማየት ይመከራል።

አሁን ወደ ሲዳማ ደጋ እንውጣ። እዚያ ደኑ በእርሻና በግጦሽ ተከቦ ተቆራርጧል። ጦጣዋ ከማሳ ስለምትባረር ሰው ስታይ ትሸሻለች፤ ቀርከሃ ውስጥ ከገባች ደግሞ አጠገባችሁ ሆናም ላትታያችሁ ትችላለች። በአንድ ቁራጭ ደን 60 መንጋ ከየት ይመጣል? ያንኑ መንጋ ደጋግሞ ማየት ነው እንጂ! በዚያ ላይ የዘረመል ጥናቶች በነዚህ ቁራጭ ደኖች ከጎረቤት ዝርያዎች ጋር መዳቀል እንዳለ ጠቁመዋል። ታዲያ የቱን እንቁጠር?

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን ማባዛቱ ነው። 20 ጦጣዎች በ20 ሄክታር ቁራጭ ደን ታጭቀዋል እንበል። በስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሰላ 100 ይሆናል። ካርታው ላይ አረንጓዴ ሆኖ በሚታየው 50 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስናባዛው 5,000 ጦጣ «ተገኘ»! ኧረ የት? አረንጓዴው ባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ያለው ደን ባዶ ሊሆን ይችላል። ሃያዎቹም የተጠጋጉት ተመችቷቸው ሳይሆን መሄጃ አጥተው ይሆናል። በወረቀት ላይ 5,000 ያላት ዝርያ ደግሞ «ትቆይ፣ አያሰጋም» ትባልና የጥበቃው ገንዘብ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ቁራጭ ደን ሲያንስ አንድ ጥቅም አለው፦ መገመት ትቶ መቁጠር ይቻላል። በየቁራጩ ሰው ቆሞ፣ በአንድ ጠዋት፣ መንጋው ገላጣ ቦታ ሲያቋርጥ። ውጤቱም በየደኑ ተለይቶ ይጻፍ፤ ዜሮ የተገኘበትም ጭምር።