ከመንጠቆው እስከ መሬቱ

ጋራዡ ውስጥ ክሬን ሊሠራ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ አግዳሚው ብረት ነው። ስንት ሳንቲ ይሁን? ይጎብጥ ይሆን? ሊያይ የሚመጣ ጎረቤትም ቀና ብሎ የሚያየው እሱኑ ነው። አምቦ ውስጥ በዚህ ሥራ ከቆየሁ ወዲህ ግን አግዳሚው ከሁሉ የቀለለ ጥያቄ ሆኖብኛል። የሚያስቸግሩት ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ ከላይ መንጠቆው፣ ከታች መሬቱ።

የአግዳሚውን ሂሳብ ቶሎ ልጨርሰው። በሁለቱ እግሮች መካከል 3 ሜትር ይኑር፣ ላያቸው ላይ ቁመቱ 14 ሳንቲ የሆነ አይ ቢም ይጋደም። መሐሉ ላይ 1 ቶን ቢንጠለጠል የሚጎብጠው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ዓይን እንኳ አይለየውም። ርቀቱ ወደ 4 ሜትር ቢሰፋ ግን በዚያው ጭነት ጉብጠቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ስምንት እጥፍ ይጎብጣል። «ጋራዡ ሰፊ ነውና ክሬኑም ይስፋ» ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው። ጠባብ ሆኖ ጎማ ያለው ይሻለዋል።

ወደ መሬቱ ልምጣ። በእኛ አካባቢ ክሬን ሳይታወቅ በፊት ሞተር የሚወጣው በሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር፤ አናታቸው ይታሰራል፣ እግራቸው እንዳይከፈት ከታች በገመድ ይያያዛል። ዛሬም ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች ይጠቀሙበታል። ሦስት እግር ያለው ነገር ወጣ ገባ መሬት ላይም ሦስቱንም ረግጦ ይቆማል። አራት እግር ያለው የብረት ክሬን ግን ወለሉ ትንሽ ከተዛባ አንዱ እግሩ አየር ላይ ይቀራል፣ ሸክሙም በቀሩት ላይ ይወድቃል። ብረት ስለሆነ ብቻ ከባሕር ዛፉ ይበልጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ይረሳል።

ከዚህ ሌላ የጥቁር አፈር ጣጣ አለ። ጊንጪ ላይ የግብርና ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኑት አፈር ነው፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ለጤፍና ለሽምብራ ተስማሚ ይሆናል፣ ለምሰሶ ግን አይታመንም። ብዙ ሳይቆፈር በኮንክሪት የተተከለ ምሰሶ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሲፈራረቁበት ዘመም ማለት ይጀምራል። ምሰሶው ሲዘም አግዳሚው ቁልቁለት ይሆናል፤ አግዳሚው ላይ የሚሄደው ጋሪም ማንም ሳይነካው ሞተሩን ይዞ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ይንሸራተታል። ስለዚህ ወይ ጥቁሩን አፈር ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ድረስ አውጥቶ በድንጋይና በተመረጠ አፈር መተካት፣ ወይም ከነጭራሹ ምሰሶ አለመትከል ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ፌሮ ባለው የኮንክሪት ወለል ላይ በራሱ የሚቆም፣ እግሮቹ እንደ ፊደል «ለ» የተከፈቱ፣ ባዶውን ሲሆን ብቻ የሚገፋ ክሬን።

ለመሬት መጨነቅ የትንሽ ጋራዥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ ከጣሊያን በአውሮፕላን ሲመጣ፣ ከ150 ቶን የማያንሰውን ድንጋይ ማንሳት ከባድ ሥራ መሆኑ ግልጽ ነበር። ሆኖም የሚቆምበት ስፍራ ሲጠና ከሥሩ ጥንታዊ መቃብሮች እንዳሉ ታወቀ፤ እነሱን ሳይጎዱ መሥራት ራሱን የቻለ ጣጣ ሆነ። የተተከለው በ2000 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ላይ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ መንጠቆውን ለምን ከፌሮ አጥፈን አንበይደውም?» ብሎ ጠይቆኛል። ብልህ ጥያቄ ነው፤ እግሩን፣ አግዳሚውን፣ ጋሪውን ሁሉ ራሳችን ሠርተን እዚያ ላይ ለምን እንገዛለን? ምክንያቱ ይህ ነው። ለማንሻ ተብሎ የተቀጠቀጠ መንጠቆ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት አፉ ቀስ በቀስ ይከፈታል፤ ያስጠነቅቃል፣ ይጣላል። ተበይዶ የተሠራው ግን ብየዳው ጥግ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይዞ ይቆይና አንድ ቀን ሳይናገር ይለቃል። ሰንሰለቱም እንዲሁ ነው። የማንሻ ሰንሰለት ቀለበቱ ላይ 8 ወይም 80 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል፤ መኪና የሚጎተትበት ሰንሰለት ወፍራም ቢሆንም ቦታውን አይተካም።

ቼይን ብሎኩም ይገዛል፣ በእጅ የሚጎተተው። መብራት ሲጠፋ ሞተሩን አየር ላይ ሰቅሎ አያስጠብቅም። ውስጡ ያለው ፍሬን የሚጠብቀው በራሱ በጭነቱ ነው፤ ሞተሩ ወደ ታች በሳበ መጠን ሸራዎቹ ይበልጥ ይነክሳሉ። «እንዲለሰልስ» ብሎ ዘይት የሚያፈስበት ሰው አጋጥሞኛል፤ ሰንሰለቱ ዘይት ይወዳል፣ ፍሬኑ አይወድም።

ሌላው የማሰሪያው ነገር ነው። ከጀልዱ ድንች የሚያወርድ አይሱዙ ሞተሩ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሁለቱ የማሰሪያ ክንፎች ተዘርግተው ከአግድም 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ካሉ፣ እያንዳንዳቸው ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን ክብደት ይሸከማሉ። ማሰሪያውን ማስረዘም ምንም ወጪ የለውም፤ ጣሪያው ከፍ ማለቱ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ሲያልቅ የምፈትነው በውሃ ነው። ክሬኑን 500 ኪሎ ብዬ ከሰየምኩት፣ ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ባዶአቸውን አንጠልጥዬ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አደርግና በጎማ ቱቦ እሞላቸዋለሁ። ከነበርሜሉ ከ600 ኪሎ ያልፋል፣ ከተሰየመው ሩብ ያህል ብልጫ ማለት ነው። ጭነቱ የሚጨምረው ቀስ እያለ ስለሆነ ብየዳውን ዞሮ ለማየት፣ ከአግዳሚው ሥር የተወጠረውን ሲባጎ ለመለካት ጊዜ ይሰጣል። በርሜሎቹ እንደተንጠለጠሉ ያድራሉ፤ ጠዋት ልኬቱ ካልተለወጠ ውሃው ይደፋል፣ አግዳሚው ላይ በሁለቱም በኩል «500 ኪሎ» በቀይ ቀለም ይጻፋል፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም።