ይግባኝ ወደ ሰማይ

የስኮትላንዱ ባለቅኔ ሮበርት በርንስ «የጻድቁ ዊሊ ጸሎት» የተሰኘውን የስላቅ ግጥሙን በ1785 ሲጽፍ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያነጣጠረው በአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ላይ ነበር። ብዙ አንባብያን ግጥሙን የግብዝ ሰው ሥዕል አድርገው ይወስዱታል። እውነት ነው፤ ዊሊ ግብዝ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ነገሩን እዚህ ላይ መተው ቅርፊቱን ይዞ ፍሬውን እንደ መጣል ይቆጠራል። ግጥሙ ሥልጣን በጉባኤ እጅ ሲሆን ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል ያሳያል። ይህን ለማየት አስቀድሞ ሥርዓቱን ማወቅ ያሻል።

«ሽማግሌ» ሲባል እኛ የምናስበው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተጣሉትን የሚያስታርቀውን ሰው ነው። የፕሬስቢተሪያን ሽማግሌ ከዚህ ይለያል። የሥርዓቱ ስም የተወሰደው ሽማግሌ ከሚል የግሪክ ቃል ነው፤ የእኛው «ቀሲስ»ም በሱርስት ምንጩ ትርጉሙ ያው ነው። ልዩነቱ፣ እነርሱ ጳጳስን አስቀርተው ሥልጣኑን ለጉባኤ መስጠታቸው ነው። በአጥቢያው መጋቢው ሰብሳቢ ይሆናል፤ ከምእመናን መካከል የተሾሙ ሽማግሌዎችም አብረውት ይፈርዳሉ። ከዚህ ሸንጎ በላይ ፕሬስቢተሪ የሚባለው የአካባቢው አጥቢያዎች ጉባኤ፣ ከዚያም ሲኖዶስ፣ በመጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። በአገራችንም በአሜሪካ ፕሬስቢተሪያን ሚሲዮን ሥራ የተመሠረተችውና በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር የተዋሐደችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ከዚሁ ግንድ የበቀለች ናት።

በበርንስ ዘመን የአጥቢያው ሸንጎ ብርቱ ክንድ ነበረው። ሰንበት የሻረ፣ ከጋብቻ ውጭ የወለደ እየተጠራ ይመረመራል፤ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘም በምእመናን ፊት ይገሠጻል። በርንስ ራሱ በ1786 ከጂን አርሞር ጋር በነበረው ግንኙነት ምክንያት ይህንኑ ተግሣጽ ተቀብሏል። እንግዲህ ሽማግሌው ከአስታራቂነት ይልቅ ዳኝነቱ ያመዝናል ማለት ነው።

ግጥሙን የወለደው ክርክርም ከዚህ ሸንጎ የወጣ ነው። የሞክሊን አጥቢያ ሸንጎ የበርንስን ወዳጅ፣ የሕግ ሰው የሆነውን ጋቪን ሃሚልተንን፣ ከአምልኮ ይቀራል፣ ሰንበትንም አያከብርም ሲል ከሰሰው። ሃሚልተን ጉዳዩን ወደ ኤር ፕሬስቢተሪ ወሰደ፤ ጠበቃው ሮበርት ኤይከን ተከራከረለት፤ ፕሬስቢተሪውም በ1785 ፈረደለት። ከተረቱት ሽማግሌዎች አንዱ ገበሬው ዊልያም ፊሸር ነው፤ በግጥሙ ውስጥ «ጻድቁ ዊሊ» ሆኖ የምናገኘውም እርሱን ነው።

ዊሊ ጸሎቱን የሚጀምረው እግዚአብሔር እርሱን በመምረጡ በማመስገን ነው። ቀጥሎ ከሴቶች ጋር የሠራውን ኃጢአት ይናዘዛል፤ ይህም እንዳይታበይ ከላይ የተላከበት ፈተና ሳይሆን አይቀርም ብሎ ራሱን ያጽናናል። ከዚያ እርግማኑ ይወርዳል፦ በሃሚልተን ጓዳና ጓሮ ላይ፣ በኤር ፕሬስቢተሪ ላይ፣ በጠበቃው በኤይከን ላይ። አንባቢ የተረገሙትን ልብ ይበል። ዊሊ ፍርዱ የተሻረበት ዳኛ ነው። ከሻረው ጉባኤ በላይ ወዳለው ችሎት ይጮኻል፤ ጸሎቱ የይግባኝ አቤቱታ ነው። የበርንስ ብልሃት የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። እግዚአብሔር መርጦኛል የሚል ሰው የብዙዎች ውሳኔ አይዋጥለትም። ስለዚህ ግጥሙ ሽማግሌውን ሲያዋርድ ሥርዓቱን በተዘዋዋሪ ያመሰግነዋል። ዊሊ የሚራገመው የሚሽረው አካል በላዩ ስላለ ነውና። ከበላዩ ማንም የሌለበት ዳኛማ ምን ያስረግመዋል?

ሆኖም ምስጋናው ልክ አለው። በ1560 የተዘጋጀው የመጀመሪያው የሥርዓት መጽሐፍ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እንዲመረጡ ያዝዝ ነበር፤ በ1578ቱ ሁለተኛ መጽሐፍ ግን ሹመቱ የዕድሜ ልክ ሆነ። ዊሊን የመሰለ ሰው እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ይደላደላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይግባኙ ለማን ደረሰ? ሃሚልተን ሕግ ዐዋቂ ነው፤ ጠበቃም አለው። ዊሊ በጸሎቱ መካከል ስሟን ጠርቶ የሚያልፋት ሜግስ? አቤት ብትል የምትቆመው ዊሊ ከዳኞቹ ጋር በሚቀመጥበት ሸንጎ ፊት ነው። ባለቅኔው ለወዳጁ የተቆረቆረውን ያህል ለእርሷ አልተቆረቆረም፤ የዊሊን ነውር ማጋለጫ አድርጓት ብቻ አልፏል። ይህን የግጥሙ ጉድለት አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ሳቁ ወንዶች በወንዶች ላይ የሚስቁት ሳቅ ሆኖ ይቀራል። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ለሴቶች የሽማግሌነትን ሹመት የፈቀደችው በ1966፣ ግጥሙ ከተጻፈ ከ181 ዓመት በኋላ ነው።

በርንስ ግጥሙን በ1786 ባሳተመው የመጀመሪያ መድበሉ አላካተተውም፤ የታተመው በ1789፣ ያለ ስሙ ነበር። ዛሬ በዊሊ ላይ መሳቅ ድፍረት አይጠይቅም። ቤተ ክርስቲያን ይሁን ማኅበር ወይም ዕድር፣ ግጥሙን በቅጡ ያነበበ ሰው የራሱን ሸንጎ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ፍርድህን ማን ይሽራል? ጠበቃ የሌላት ሜግስ ከዚያ ሰው ደጃፍ ትደርሳለች ወይ?