መንፈስ ፎቶግራፍ ይነሣል?

ክርክሩ የተጀመረው በሁለተኛው ቡና ላይ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርደን፣ ሹራባችንን እያወለቅን ሸዋ ሮቢት ከገባን ገና ግማሽ ቀን አልሞላንም። በእንግድነት የተቀበሉን አዛውንት ሴት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል አሮጌ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አንድ ጎልማሳ ቆሟል፤ አንዲት ወጣት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከሴትዮዋ ጎን ግን ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር አለ። ጭስ ነው እንዳይባል እግር አለው፤ ሁለት ባዶ እግሮች ጣታቸው እስኪቆጠር ጥርት ብለው መሬት ረግጠዋል። ሰው ነው እንዳይባል ደግሞ ፊት የለውም፤ ከጉልበቱ በላይ ያለው ሁሉ ተኗል።

«የሙት መንፈስ ነው» አለ የቤቱ የልጅ ልጅ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ነው። «ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ ብዙ አላቸው።» አብሮኝ የሄደው ወዳጄ የፊዚክስ መምህር ነውና ሳቀበት። «ፎቶ አንሺው የሠራው ተንኮል ነው። ሁለት ምስል ደራርቦ አጥቦታል» አለ። አንዱ እውነተኛ ነው ሲል፣ ሌላው ሐሰት ነው ሲል ሦስተኛው ቡና ቀዘቀዘ። የፎቶግራፉን ባለቤት ግን የጠየቃቸው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ክርክሩ ለዚያ ቤት አዲስ ይሁን እንጂ ለዓለም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ ዊሊያም ማምለር የሚባል የብረት ቅርጽ ሠራተኛ የራሱን ፎቶግራፍ አነሣና «ከጎኔ የሞተች ዘመዴ ወጣች» አለ። ጊዜው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው፤ ልጁን ወይም ባሏን ያላጣ ቤት ጥቂት ነበር፤ ደንበኛ ጎረፈ። ቆይቶ ግን ከመናፍስቱ አንዳንዶቹ እዚያው ቦስተን ውስጥ በሕይወት የሚመላለሱ ሰዎች ሆነው ተገኙ! ማምለር ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1869 በማታለል ተከሰሰ። የትርዒት ነጋዴው ፒ. ቲ. ባርነም (ስለ ማታለል እሱ ካልመሰከረ ማን ሊመሰክር!) ከሟቹ ከአብርሃም ሊንከን «መንፈስ» ጋር የተነሣውን ፎቶግራፍ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ዘዴው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አሳየ። ዳኛው ማስረጃው አይበቃም ብሎ ማምለርን ለቀቀው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሊንከን ባለቤት ራሷ ከማምለር ካሜራ ፊት ተቀመጠች፤ ሟች ባሏም እጁን በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ወጣላት።

የዘዴው ምሥጢር ጥልቅ አይደለም። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣው በመስተዋት ላይ ነው፤ መስተዋቱ ተወልውሎ ዳግመኛ ያገለግላል። በደንብ ካልጸዳ የቀድሞው ሰው ደብዝዞ ከአዲሱ ጋር ይወጣል። አለዚያም አንዱን መስተዋት ሁለት ጊዜ ብርሃን ማስመታት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ የፓሪሱ ጉዳይ ነው። ኤዱዋር ቡጌ የሚባል ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1875 ተያዘ፤ ፖሊስ ከስቱዲዮው አሻንጉሊትና ከካርቶን የተቆረጡ የሰው ራሶች አወጣ። ሰውየውም ሐሰት ነው ብሎ አመነ፤ አንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ታዲያ ችሎት ላይ ምን ሆነ? ካርቶኑ በፊታቸው ተቀምጦ፣ ሠራተኛው ራሱ «እኔ ነኝ የሠራሁት» እያለ፣ ደንበኞቹ «የለም፣ ይህ አባቴ ነው»፣ «ይህች ሚስቴ ናት» ብለው ድርቅ አሉ።

እነዚህን ሰዎች ሞኞች ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሞኝነታቸው አይታየኝም። ፎቶግራፍ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርሃን ከአንድ ነገር ላይ ነጥሮ እዚህ ወረቀት ላይ አርፏል፤ ይኸው ነው። ያ ነገር ማን እንደሆነ፣ ለምን እዚያ እንደቆመ፣ ምን ያስብ እንደነበር አይናገርም። ስሙን የምንሰጠው እኛ ነን። የቡጌ ደንበኞች ስም ሰጡ። የእኛ የፊዚክስ መምህርም እኮ «ተንኮል» ብሎ ስም ሰጠ፤ የልጅ ልጁም «መንፈስ» አለ። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ወረቀቱ ያልተነካ ከሆነ መንፈሱ እውነት ነው ብለው ተቀብለዋል። ለዚህ ነው አንዱ ወረቀቱን ለማጽደቅ፣ ሌላው ለመኮነን የሚታገለው።

ለነገሩ «የሙት መንፈስ» የሚለው አነጋገር ራሱ ከፊልምና ከትርጉም ልቦለድ የገባ ይመስለኛል። የእኛ ሰው የሚፈራው ዛርን፣ ጋኔንን፣ ዓይነ ጥላን ነው፤ ቆላ ሲወርዱ ደግሞ ጅኒን። ነጭ ለብሶ ደረጃ የሚወርድ ሙት ብዙም አናውቅም። ዛር ገላ የለውም፤ የሰው ገላ ተውሶ ነው የሚያጓራው። ካሜራ ቢደቀንበት የሚወጣው ዛሩ ሳይሆን ፈረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሣዮች የጥናት ቡድን ጎንደር ሰንብቶ የዛር ሥርዓት ፎቶግራፍ አንሥቷል። ከቡድኑ አንዱ የነበረው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ከአስተርጓሚው ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ከባለዛሯ ከወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት አይጠፋም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ላሳተመው የጉዞ ማስታወሻም «መንፈስ የሆነች አፍሪቃ» እንደማለት ያለ ርእስ ሰጠው። ሌሪስን ሲከነክነው የኖረው የእኛው የሸዋ ሮቢት ጥያቄ ነው፤ እውነት ተይዘዋል ወይስ እያስመሰሉ ነው? እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት የደረሰበት ነገር ቀላል አይደለም፤ የሚጫወቱት ቴአትር አለ፤ የሚኖሩትም ቴአትር አለ አለ። አስመሳይና እውነተኛ በሚሉ ሁለት ሣጥኖች ብቻ ከፍሎ መጨረስ አልሆነለትም።

በአገራችን ታሪክ «ፎቶግራፉ እውነተኛ ነው ወይስ የተሠራ?» የሚለው ጥያቄ የዘውድ ጉዳይ ሆኖ ያውቃል። የልጅ ኢያሱ ፎቶግራፍ ነገር ማለቴ ነው። አልጋ ወራሹ በሐረርና በኦጋዴን በነበሩበት ወቅት ጥምጥም ጠምጥመው፣ የሙስሊም ልብስ ለብሰው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመሐል አገር ተሰራጨ፤ ሃይማኖታቸውን ለመለወጣቸው ማስረጃ ተባለ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ከሥልጣን ተሻሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 17 ቀን አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሲሆኑ ልጅየው ከይፋት ቆላ በላይ ከተንጠለጠለችው ከአንኮበር ደርሰው ነበር፤ መርዶውን ሰምተው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስደት፣ እስር፣ በ1928 ዓ.ም. በእስር ላይ ሞት። ምስላቸው ከአደባባይ ጠፋ። የሙት መንፈስ ፎቶግራፍ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ዘውድ ሳይጭኑ ከነገሥታቱ ተርታ የተፋቁት የእኚህ ሰው ምስል ይበቃዋል።

ስለዚያ ፎቶግራፍ መቶ ዓመት ተከራክረናል። የልጅ ኢያሱ ወዳጆች «ራሱ የእሳቸው፣ አካሉ የሌላ ነው፤ ተቆርጦ ተለጥፎ ዳግመኛ የተነሣ ነው፤ የእንግሊዞችና የሸዋ መኳንንት ሥራ ነው» ይላሉ። ባላጋራዎቻቸው «በዓይን የታየ ነው» ይላሉ። ስለ ኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ታሪክ ብዙ የጻፉት ሪቻርድ ፓንክረስት የካሜራን ፖለቲካዊ ጉልበት አንሥተዋል፤ ኤስቴል ሶሂዬም እ.ኤ.አ. በ2011 በልጅ ኢያሱ አከራካሪ ምስሎች ላይ ብቻ አንድ መጽሐፍ በፈረንሣይኛ አውጥታለች። ጥሩ ነው፤ የወረቀቱ ምርመራ ይቀጥል።

ግን እስቲ እውነተኛ ነው እንበል። መቀስ አልነካውም፣ ሙጫ አልነካውም እንበል። ታዲያ ምን ተረጋገጠ? አንድ ሰው አንድ ቀን ጥምጥም መጠምጠሙ። ይህን ለመረዳት ከሸዋ ሮቢት ገበያ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ወገቡ ላይ ሽርጥ ያገለደመውን፣ ራሱን በጨርቅ የጠመጠመውን የቆላ ገበሬ ልብሱን አይቶ ክርስቲያን ነው፣ ሙስሊም ነው የሚል ሰው ካለ የአገሩ ሰው አይደለም። አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው የሚገናኝበት አገር ነው፤ ሽርጥን ያስለበሰው ሙቀቱ ነው። የደጋው መኳንንት ግን ከደጋ ሆኖ ፈረደ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል እኮ መሐመድ ዓሊ ተብለው ያደጉ፣ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የተጠመቁ፣ አፄ ዮሐንስ ክርስትና ያነሷቸው ሰው ናቸው። ግማሽ ዘመዱ ሙስሊም የሆነ ወጣት ገዥ የሙስሊም ተገዢዎቹን ልብስ ቢለብስ፣ ከሃይማኖት ይልቅ ስለ ፖለቲካው የሚነግረን ይበዛል።

የወዳጆቻቸው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። «የተሠራ ነው» ብለው ሲሟገቱ፣ ያልተሠራ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ጥፋተኛ ነበሩ የሚለውን ሳያውቁት ፈርመው ሰጡ። ከሳሽ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ነገሩ የድሮ ወሬ አይምሰለን። ይህ ቆላ በ2013 ዓ.ም. ከአጣዬ እስከ ሸዋ ሮቢት ያሳለፈውን የሚያውቅ ሰው፣ መልክና ልብስ አይቶ ሰውን መፈረጅ ምን እንደሚያስከትል አይጠፋውም። ዛሬ በየስልኩ ለሚዞረው ምስል ሁሉ «ሐሰት ነው? እውነት ነው?» ብለን እንሮጣለን፤ «እሺ፣ እውነት ቢሆንስ ምን ይላል?» የሚል ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ወደ ቡናው ልመለስ። በመጨረሻ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ፤ ያውም አፍሬ። «እማማ፣ ይህ ከጎንዎ ያለው ምንድን ነው?»

ሣቁ። «ምንድን ነው ትላለህ ልጄ፤ ልጄ ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ በገበያ ቀን፣ ሦስት እግር ያለው ሣጥን ካሜራ የተሸከመ ፎቶ አንሺ ከደሴ መጣ። ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ የካሜራውን ዓይን በእጁ ከፍቶ፣ ቆጥሮ፣ በእጁ የሚዘጋ ዓይነት ነው። ባልየው ቆሙ፣ እርሳቸው ተቀመጡ፣ የስድስት ዓመቱ ልጅ ነጭ ጥብቆውን ለብሶ ከጎናቸው ቆመ። «አትነቃነቁ» ተባለ። ልጁ እግሩን ተከለ፤ ከእግሩ በላይ ግን እንኳን ለካሜራ ለቄስም ጸጥ የሚል ልጅ አልነበረም። ፎቶ አንሺው ተቆጣ፤ ድጋሚ ላንሣ ቢልም ሌላ ሒሳብ ጠየቀና ቀረ። በ1969 ዓ.ም. ያ ልጅ በእናት አገር ጥሪ ታጠቅ ጦር ሠፈር ገባ። ከዚያ አልተመለሰም። ሌላ ፎቶግራፍ የለውም።

የፊዚክስ መምህሩ ዝም አለ። ማብራሪያው በእሱ ሞያ ውስጥ ያለ ነገር ነበርና ትንሽ የከፋው መሰለኝ፤ እግር ጸጥ ካለ ይጠራል፣ ራስ ከተወዛወዘ ይበተናል፤ አለቀ። ተንኮልም የለበት፣ መንፈስም የለበት። ቢሆንም ያንን ነጭ ጭስ ከዚያ በኋላ እንደ ፊቱ ላየው አልቻልኩም። በሕይወቴ ካየኋቸው የልጅ ፎቶግራፎች ሁሉ ልጅነትን እንደዚህ የያዘ አላየሁም፤ ስቱዲዮ ገብተው እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው ከሚነሡት ሁሉ ይህ ፊት የሌለው ይበልጥ ልጅ ነው።

የልጅ ልጁ ግን አዘነላቸው። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፉን አነሣና የደበዘዘ ምስል ለሚያጠራው ፕሮግራም ሰጠው። ደቂቃ አልፈጀም፤ ከነጩ ጭስ ውስጥ ፊት ወጣ። ትልልቅ ዓይኖች፣ የተበጠረ ፀጉር፣ ፈገግታ፤ አንድ የሚያምር ልጅ ካሜራውን ትኩር ብሎ ያያል። በቤቱ ውስጥ በዚያ ቀን ከታየው ምስል ሁሉ ጥርት ያለው እሱ ነው። «እማማ፣ ይኸው! አጎቴ!» ብሎ ስልኩን ሰጣቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። ስልኩን አራቅ፣ ቀረብ አደረጉት።

«ቆንጆ ልጅ ነው» አሉ። «የማን ልጅ ነው?»

ከዚያ ተነሥተው አሮጌውን ፎቶግራፍ ከቡናው ረከቦት አጠገብ አነሡት፤ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ሚስማሩ መለሱት።