የአዝማሪ መንገድና የጥንት ዘፈን

ስለ አገራችን ጥንታዊ ዘፈን የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ‹‹ዘፈኑን ማን ደረሰው? መቼስ ተዘፈነ?›› ብለው ነው። ‹‹የት ተዘፈነ? በማንስ ፊት?›› ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው የማያንስ መሆኑን ነው። ለማስረጃም የምናቀርበው ማሲንቆውን አንግቶ፥ ከጎንደር ተነሥቶ፥ ጣናን ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ባሕር ዳር፥ ከዚያም አልፎ እስከ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን አዝማሪ ነው።

አስቀድመን መንገዱን እንመልከት። ጎንደርን የለቀቀ ሰው አዘዞን፥ ማክሰኝትን፥ አዲስ ዘመንንና ወረታን አልፎ ባሕር ዳር እስኪገባ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከባሕር ዳር ወዲያ መራዊ፥ ዳንግላ፥ እንጅባራ፥ ቡሬ፥ ፍኖተ ሰላምና ደብረ ማርቆስ ይከተላሉ። ደጀን ሲደርስ የዓባይ በረሃ ከፊቱ ይከፈታል፤ ማዶው ጎሐ ጽዮን ነው። ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ነጋዴው በቅሎውን እየነዳ በእግር ይሄድ ነበር፤ በሐይቁ ላይም ከደንገል የተሠራው ታንኳ ሰውንና ዕቃን ያሻግር ነበር። ዛሬ በበረሃው ውስጥ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ አለ፤ በባሕር ዳርም 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። መንገዱ እንዲህ ሲለዋወጥ አዝማሪው አብሮት ሲለዋወጥ ኖሯል፤ ትናንት ከሲራራ ነጋዴ ጋር ይጓዝ የነበረው ዛሬ በአውቶቡስ ይሄዳል።

አዝማሪ የሚጓዘው እንደ አገር ጎብኚ ለማየት አይደለም፤ ጉዞው በእንጀራውና በዘመን አቆጣጠራችን የተወሰነ ነው። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር ከቤት ወደ ቤት ይጠራል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉም ይቆማል፥ ማሲንቆውም ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ፋሲካ ሲደርስ እንደ ገና ይወርዳል። ከጎንደር አቅራቢያ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር በመሆን የታወቀች ናት፤ እንዲህ ባለ ስፍራ ልጅ ከአባቱ ማሲንቆ መምታትን ሲማር አብሮ የሚማረው አንድ ነገር ቢኖር እንግዳ ደጅ ቆሞ የቤቱን ጌታ ስም፥ ወግና ሐዘን ቶሎ መረዳትን ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አዝማሪው ‹‹ጥንታዊ›› የሚባለውን ዘፈን ይዞ ሲዞር በእውነት የሚይዘው ምንድን ነው? የሚይዘው በመጀመሪያ ቅኝቱን ነው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው፤ በፈረስ ጭራ አንድ ክር ብቻ የሚጮኸው ማሲንቆም አራቱንም ይችላቸዋል። ሁለተኛ የሚይዘው የግጥሙን ሥርዐት፥ ማለት ልኩን፥ ቤት አመታቱን፥ ሰምና ወርቁን ነው። ቃሉን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዞት አይመጣም፤ እዚያው ያገኘዋል።

በባሕር ዳር ከሚገኙት አዝማሪ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ባልየው ማሲንቆውን ይመታል፤ ሚስትየው ወይም ጓደኛው ትቀበለዋለች። ጥቂት እንደ ቆዩ ከታዳሚው አንዱ እጁን አንሥቶ ‹‹ተቀበል!›› ይላል። ከዚያ በኋላ ግጥሙን የሚሰጠው እንግዳው ነው፤ አዝማሪው ስንኙን ከአፉ ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል፤ ካሻውም የራሱን ስንኝ መልስ አድርጎ ይጨምርበታል። እንግዳው ደስ ሲለው ብሩን በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ስለዚህ የዘፈኑ ደራሲ ማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ‹‹ሁለቱም›› የሚል ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ እኛው ራሳችን ለምሳሌ ያህል ያሰናኘነውን ሁለት ስንኝ እናቅርብ፦

ከጣና ተነሥቶ ስንቱን አገር ያልፋል፤
አባይ ያልኩት ወዳጅ ሄዶ እዚያው ይጠፋል።

ሰሙ ወንዙ ነው፤ ከጣና ወጥቶ አገር አቋርጦ ሄዶ አይመለስም። ወርቁ ሐሰተኛው ወዳጅ ነው፤ በቋንቋችን ‹‹አባይ›› ማለት ዋሾ ማለትም ነውና። ይህን ስንኝ በባሕር ዳር፥ ወንዙ ከሐይቁ በሚወጣበት ከተማ ለተቀመጠ ሰው ቢሰጡት ሰሙ ከደጁ ስለሆነ ወርቁን ለመፈለግ ጊዜ አይፈጅበትም። አዲስ አበባ ላይ ግን ያው ስንኝ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ያለ ብልህ አዝማሪ ወንዙን ትቶ የታክሲ ሰልፉን ወይም የቤት ኪራዩን ሰም ያደርገዋል። ዜማው አልተለወጠም፤ ቅኝቱ ያው ትዝታ ነው። የተለወጠው መንገዱ የሰጠው ቃል ነው። እኛም የጥንት ዘፈን ጥንትነቱ በዚህ ላይ ነው እንላለን፤ ይኸውም ቃሉን በየደረሰበት እያደሰ ሥርዐቱን ሳይለቅ መኖሩ ነው።

ይህ ሐሳብ እንደ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደገ ሰው ቶሎ የሚዋጥ አይደለም። መዝሙርን የተማርነው ከታተመ መጽሐፍ ነው፤ እያንዳንዱ መዝሙር ቁጥር አለው፥ ቃሉም ከዳር እስከ ዳር የተወሰነ ነው፤ አንድ ቃል የለወጠ ልጅ ይታረማል። እንዲህ ያለው ልማድ ለመዝሙሩ የሚገባ ነው። ለአዝማሪ ዘፈን መለኪያ ስናደርገው ግን የማይገባውን ‹‹አበላሸው›› እንላለን።

በውጭ አገር ካለው ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። በአሜሪካ ከቺካጎ ወደ ካሊፎርኒያ የሚወስደው ‹‹ሩት 66›› የተባለው ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1926 ተቋቁሞ በ1985 ከመንግሥት መንገዶች መዝገብ ተሠረዘ። ቦቢ ትሩፕ የተባለው ደራሲ በ1946 ስለዚሁ ጎዳና አንድ ዘፈን ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ናት ኪንግ ኮል ዘፈነው፤ በውስጡም የከተሞች ስም በተራ ይጠራል። ዛሬ በዚያ ጎዳና ላይ የድሮ ዘፈን የሚያሰማ ዘፋኝ መንገዱን የሚያከብረው ያንኑ ቃል፥ የከተሞቹንም ስም በዚያው ተራ ደግሞ በመጥራት ነው፤ መንገዱ ቢሠረዝም ዘፈኑ እንደ መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። የኛው አዝማሪ ግን ሐውልት አያቆምም። ወረታን የሚያከብረው የወረታን ስም በመጥራት ብቻ ሳይሆን ወረታ ላይ የተቀመጠውን ሰው ስንኝ በመቀበል ነው።

ይህን ስንል በሸክላና በካሴት የተቀረጸውን ማቃለላችን አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ ባያስቀርጹ ኖሮ የዚያን ዘመን አዘፋፈን የምናውቀው በወሬ ብቻ ነበር። የአስናቀች ወርቁን ክራር፥ የካሣ ተሰማን ድምፅ፥ የማሪቱ ለገሠን አምባሰል ያቆየልን ቀረጻ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ‹‹ኢትዮፒክስ›› በሚል ስም ያሰናዳቸው ተከታታይ አልበሞችም ከእነዚህ የአንዳንዶቹን ድምፅ ለዓለም አሰምተዋል። ስሕተቱ ያለው ከቀረጻው ላይ ሳይሆን ከአጠቃቀሙ ላይ ነው። ዛሬ በየሆቴሉ መድረክ ‹‹የድሮ ዘፈን›› ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የአንድ ቀረጻ ግልባጭ ነው፤ ወጣቱ ዘፋኝ የቀዳሚውን ሳል እንኳ ሳይቀር ለመድገም ይጥራል፤ ታዳሚውም አፉን ዘግቶ ያጨበጭባል። እንዲህ ያለው ሥራ አዝማሪው ያልጠበቀውን ቃል ጠብቆ፥ አዝማሪው የጠበቀውን ‹‹ተቀበል!››ን ይጥላል።

አንዳንዶች ደግሞ ‹‹አዝማሪ ገንዘብ ላሳየው ሁሉ ውዳሴ የሚያፈስ ነው፤ ከስንኙ ምን ቁም ነገር ይገኛል?›› ይላሉ። ነቀፌታው ጨርሶ ሐሰት አይደለም። እንግዳ ሲገባ ስሙንና አገሩን ጠይቆ አስቀድሞ በተሰናዳ ውዳሴ ውስጥ የሚሰካ አዝማሪ መኖሩን ማንም ያውቃል። ልብ ማለት የሚገባን ግን የዚህ ሰው ጉድለት ከሆቴሉ ግልባጭ ዘፋኝ ጉድለት ጋር አንድ መሆኑን ነው። ሁለቱም ሰውየውን ሳይሰሙት ይዘፍኑለታል። ደኅናው አዝማሪ ሲያወድስ እንኳ ከውዳሴው ሥር ነቀፌታ ያስቀምጣል፤ ጌታው ሰሙን ይዞ ሲስቅ የቀሩት ወርቁን ይዘው ይስቃሉ።

የዚህ ጥበብ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ከኛ ይልቅ ጠላት ተረድቶት ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ከጠንቋዮች ጋር በየአገሩ እየዞሩ የሚዘፍኑትንና የሚተርኩትን ይዘው እንዲገድሉ ሹሞቹን አዝዟል። ያስፈራው ዜማው ሳይሆን በየገበያው አዲስ ቃል የሚቀበለው አፍ ነው።

ዛሬ የሚያሳስበን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በዚህ ጎዳና መጓዝ ለማንኛውም መንገደኛ ከባድ ሆነ፤ ስሙ የሰላም ጎዳና የሆነው ፍኖተ ሰላምም ከዚህ አልዳነም። መንገድ ሲዘጋ ሠርገኛው በአካባቢው ይጨፍራል፥ ነጋዴው ዕቃውን ያቆያል፤ አዝማሪው ግን ከእንጀራው ጋር ቃሉንም ያጣል። በአንድ ከተማ፥ በአንድ ቤት፥ በአንድ ዓይነት ታዳሚ ፊት የተወሰነ አዝማሪ ሳይወድ በግድ ግልባጭ ዘፋኝ ይሆናል። ይህ ከሆነ ቅኝቶቹ በቀረጻ ይተርፉ ይሆናል፤ የማዳመጡ ጥበብ ግን በቀረጻ አይተርፍም።

ስለዚህ በዚህ ነገር ጥናት ለሚጀምሩ ጓደኞቻችን የምናሳስበው አንድ ተግባር አለ። የአዝማሪ ዘፈን ስንቀርጽ የድምፅ መቅረጫውን ወደ ማሲንቆው ብቻ አናዙር። ቀኑን፥ ከተማውንና ቤቱን እንመዝግብ፤ ‹‹ተቀበል!›› ያለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት፥ ገበሬ ይሁን ሾፌር፥ ከየት የመጣ እንደሆነ እንጻፍ፤ የሰጠውንም ስንኝ ከአዝማሪው መልስ ጋር ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ያው ዜማ በሚቀጥለው ከተማ ምን ቃል እንደ ተቀበለ ለማየት ደግሞ መንገዱ ሲፈቅድ አዝማሪውን ተከትለን እንሂድ። የጥንት ዘፈናችን ታሪክ ሊጻፍ የሚችለው ሁለቱም ወገኖች ሲመዘገቡ ነው።