ፊቱ የተሣለለት አሞራ፦ የሉዊስ አጋሲዝ ፉወርቴስ የኢትዮጵያ ሥዕሎች

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1926 መገባደጃ፣ ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የተላከ የጥናት ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጣ። አሜሪካዊው የአእዋፍ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉወርቴስ ከአባላቱ አንዱ ነበር። በቆይታው ከ100 በላይ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ሠራ። በተመለሰበት ዓመት፣ በኦገስት 1927፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ፤ ይዟቸው የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ተረፉ። ሙዚየሙ 32ቱን በ1930 በአልበም አሳተማቸው።

ፉወርቴስ ብዙ ዓይነት ወፍ ሥሏል። ብርታቱ ጎልቶ የሚወጣው ግን በአዳኞቹና በጥንብ አንሳዎቹ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለፊት ቅድሚያ ይሰጣል። የሞተ ወፍ ላባ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ መልኩን ይዞ ዘመናት ይቆያል። የዐይኑ፣ የፊቱ ቆዳና የእግሩ ቀለም ግን ወዲያው መደብዘዝ ይጀምራል። አጥንት ሰባሪው አሞራ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ፈዛዛ ቢጫ ዐይኑን የከበበው ቀይ ቀለበት ከሞተ በኋላ አይቆይም። ፉወርቴስ ቀለሙ ሳይሸሽ በፍጥነት ይሥል ነበር። ስለዚህ ሥዕሎቹ በቆዳና በላባ ናሙና የማይገኝ መረጃ ይዘዋል፤ ከመረጃም በላይ፣ የሚያይ ፍጡር ያሳዩናል።

ይህ ሁሉ የተገኘው ወፉ ከተገደለ በኋላ መሆኑን መሸፋፈን አይገባም። የዘመኑ ሳይንስ በጠመንጃ ይሰበስብ ነበር፤ ፉወርቴስም ከዚያ ውጭ አልነበረም። ሆኖም በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ጭልፊትና ንስር እንደ ተባይ ይቆጠሩ ነበር፤ ፔንሲልቬንያ በ1929 ጎስሆክ ለሚባለው ትልቅ ጭልፊት፣ ለአንድ የተገደለ 5 ዶላር ትከፍል ጀመር። በዚያ ግዛት አንድ ተራራ ላይ በስደት መንገዳቸው የሚታደኑትን ጭልፊቶች በጽሑፍ ከመዘገቡት አንዱ ጆርጅ ሚክሽ ሰተን ነው፤ የፉወርቴስ ደቀ መዝሙር። በ1934 የአእዋፍ ጥበቃ ተሟጋቿ ሮዛሊ ኤጅ ያንኑ ተራራ ተከራይታ የአዳኝ አእዋፍ መጠለያ አደረገችው። ሥዕል ብቻውን ተራራውን አዳነ አልልም። ነገር ግን ጭልፊትን አተኩሮ ማየት የለመደ ዐይን ከመምህር ወደ ተማሪ መተላለፉን አልጠራጠርም።

በአልበሙ ላይ ያለኝ ቅሬታም ይህ ዐይን ወፉ ላይ ብቻ ከማተኮሩ ይነሣል። ብዙዎቹ ወፎች የቆሙበት ስፍራ እምብዛም አይታይም፤ ዙሪያቸው ባዶ ወረቀት ነው። ለመለያ ይበጃል፣ ለኑሯቸው ግን ዝም ይላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጥንብ አንሳ የሚኖረው ከሰው ጋር ነው፦ በቄራ ዙሪያ፣ በቆሻሻ መጣያ፣ በሞተ ከብት ላይ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎችን በከፋ የመጥፋት አደጋ ውስጥ መድቧቸዋል፤ አራቱም በአገራችን ይገኛሉ። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ እነሱንም ይፈጃል፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶም እንዲሁ። ባዶው ወረቀት ይህን ሊይዝ አይችልም። ዛሬ አሞራ የሚሥል ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ከፉወርቴስ የፊቱን ትክክለኛነት ይውሰድ፤ የተመረዘውን በድንና የመብራቱን ምሰሶ ግን ራሱ ይጨምርበት።